ስለ መብላትና ስለ መብራት

ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስታዘቀዝቅ ደሴ ትቸኩላለች። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ያለው መንገድ ተምርና ሳምቡሳ በያዙ ሰዎች ይሞላል፤ የታክሲ ረዳቱ አዛን ሳይቀድመው ለመድረስ ይጣራል፤ ቤት ያሉት ሾርባውን ምድጃ ላይ ጥደው ሰዓት ያያሉ። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለደረሰም ያው ነው፤ የሚለየው ሙቀቱ ብቻ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ገብተውልናል። እኛ ለመግሪብ ስንጠብቅ ጎረቤታችን ከቅዳሴ ተመልሶ ሽሮውን ያቀርባል። የአንዱ ቤት ሽታ የሌላውን ጾመኛ እንዳይፈትን መስኮት መዝጋት ወሎ ውስጥ የቆየ ልማድ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከመካከላችን በአንዱ ቤት ኢፍጣር ተጠርተን ነበር። ሰፍራው ተነጥፏል፣ ተምሩ ቀርቧል፣ አዛኑ ሊል ደቂቃዎች ቀርተውታል። በዚህ መሐል መብራቱ ድርግም አለ። ከጨለማው ውስጥ አንድ አዛውንት ረጋ ብለው "በሉት!" አሉ። መብራቱን፣ ወይም የመብራቱን ገንዘብ ማለታቸው ነው። የቤቱ ትንሽ ልጅ ግን "ብሉት" የተባለ መስሎት እጁን ወደ ተምሩ ሰደደ። እናቱ ያዘችው። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሯችን አልወጣም፤ ይህን ጽሑፍም ያመጣው እሱ ነው።

በቋንቋችን ጉቦ ይበላል፣ በጀት ይበላል፣ የመንገድ ጠጠርና የድልድይ ብረት ይበላል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ብለን ለልጆቻችን የምናወርስ ሰዎች ነን፤ ያውም እየሳቅን። እንዲህ የሚል ሕዝብ በዓመት አንድ ወር ሙሉ፣ ጎሕ ከቀደደ ፀሐይ እስክትጠልቅ ላለመብላት ይነሳል። ይህ የሁለት ነገሮች ግጭት ሊያሳስበን ይገባል። ጾመኛ ሰው ማንም በማያየው ጓዳ ውስጥ፣ በገዛ ገንዘቡ የገዛውን፣ የተፈቀደለትን ውሃ አይጠጣም። ይኸው ሰው ጠዋት ቢሮው ገብቶ ያልተፈቀደለትን የሕዝብ ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ቀኑን ሙሉ የዋለው ከምን ተከልክሎ ነው?

ጾምን የሚደነግጉት የሱረቱል በቀራ አንቀጾች ከ183 እስከ 187 ያሉት ናቸው። በየዓመቱ በየመስጊዱ ይነበባሉ፣ ይተነተናሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን 188ኛውን አንቀጽ ግን በረመዳን ሲሰበክ የምንሰማው ከስንት አንዴ ነው። እዚያ ላይ ስለ ጨረቃም ስለ ሱሑርም የተባለ ነገር የለም። የሚናገረው የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ ስለመብላት፣ ይልቁንም የሌላውን ሐቅ ለመቁረስ ሲባል ገንዘብን ለዳኞች ስለማቅረብ ነው፤ ይከለክላል። የተፈቀደውን ምግብ በቀን አትብሉ ከሚለው ትእዛዝ ጎን፣ ያልተፈቀደውን ገንዘብ በቀንም በሌሊትም አትብሉ የሚለው መቀመጡ በአጋጣሚ ነው ብለን አናምንም። የመጀመሪያው በመግሪብ ያበቃል። ሁለተኛው አዛን የለውም።

ታዲያ ከሁሉ ነገር መብራትን ለምን መረጥን? ምክንያቱም በዚህች አገር ባለፉት 15 ዓመታት ትልቁ ገንዘብ የፈሰሰው፣ ትልቁም ተስፋ የተጣለው፣ ከደሃውም ከሀብታሙም ኪስ የተዋጣው ለኤሌክትሪክ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ደሴም ኮምቦልቻም ቦንድ ገዝተዋል። የመንግሥት ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን በየወሩ እያስቆረጠ ሰጥቷል፣ ተማሪው ከኪሱ፣ ነጋዴው ከሱቁ። ያ ገንዘብ አማና ነበር፤ በአማርኛ አደራ የምንለው።

አደራው ምን እንደገጠመው ሁላችንም ሰምተናል። የግድቡ የኤሌክትሮ መካኒካልና የሃይድሮሊክ ብረት ሥራ በ2002 ዓ.ም ለተቋቋመው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ ተሰጠ። እንዲህ ያለ ግድብ ሠርቶ የማያውቅ ተቋም ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ኮንክሪቱ ሲያድግ ተርባይኑ ቀረ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ሥራው ከሜቴክ እጅ መውጣቱን ተናገሩ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም ደግሞ የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ ኮርፖሬሽኑ ያለ ጨረታ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ አገር ግዢ መፈጸሙን በይፋ ገለጹ። ሠላሳ ሰባት ቢሊዮን፣ ያውም በያኔው ብር። ግድቡ የመጀመሪያውን ኃይል ያመነጨው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም ሲሆን የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ነው። በ13 ተርባይኖች 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ተጠናቋል። ደስ ብሎናል፤ ደስታችንን የምንደብቅበት ምክንያት የለም። ነገር ግን የጠፉትን ዓመታት ማን ይቆጥራቸዋል?

እኛ አንድ ጊዜ ቆጥረናቸዋል። ግንቦት 2011 ዓ.ም ረመዳን ነበር። የጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ አገሪቱ 476 ሜጋ ዋት ጎደላትና መብራት በፈረቃ ሆነ። ለሱዳን የሚሸጠው ኃይል እንኳ ተቋረጠ። በዚያ ረመዳን ሱሑራችንን በሻማ በልተናል፤ ዳቦ ቤቶች በፈረቃ ጋግረዋል፤ ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎች ማሽን ሲያቆሙ ሠራተኞቻቸው ግቢ ውስጥ ጥላ ፈልገው ተቀምጠዋል። ዝናብ የሰው ጥፋት አይደለም። ግን የህዳሴው ግድብ መጀመሪያ በተባለለት ጊዜ ቢደርስ ኖሮ ያ ጉድለት ጉድለት አይሆንም ነበር። የተበላው ብረት ብቻ አይደለም፤ የዳቦ ቤቱ ሌሊትና የፈትል ሠራተኛዋ የቀን ሒሳብም አብሮ ተበልቷል። በጀት ሲበላ ሪፖርት ላይ ቁጥር ብቻ ሆኖ ስለሚታይ የማንም እራት የጎደለ አይመስልም። የጎደለው እራት ግን የት እንደነበር እኛ እናውቃለን።

ስለ ሜቴክ ሲወራ ሁሉም ስለ ሌብነቱ ያወራል። ሌላው ግማሽ ይዘነጋል። ነቢዩ ዩሱፍ ለግብፁ ንጉሥ የምድሪቱን ጎተራ እንዲሾምባቸው ሲጠይቁ ስለራሳቸው ያስቀደሙት ሁለት ነገር ነው፦ ጠባቂ መሆናቸውንና ዐዋቂ መሆናቸውን። ታማኝነት ብቻውን አልበቃም፤ ዕውቀትም ተጠይቋል። ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) አማና የሚባክንበትን ጊዜ ሲያስረዱ ሥራ ለማይገባው ሰው መሰጠቱን ነው የጠቀሱት። እንግዲህ የማያውቁትን ሥራ ተቀብሎ "እንችላለን" ማለት ራሱ አማናን መብላት ነው፤ አንድ ብር ኪስ ባይገባም። ይህን የምንለው ከላይ ላሉት ብቻ አይደለም። በየወረዳው ያልተማረበትን መሥሪያ ቤት በዝምድና ይዞ የተቀመጠ ሰው "እኔ እኮ ሌባ አይደለሁም" ሲል የምንሰማው ብዙ ነው።

ለእኛ ከህዳሴውም የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የውሉ ዋጋ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2004 ዓ.ም ውሉን ፈርሞ በ2007 ዓ.ም የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። መስመሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ዋሻው ተቦረቦረ፣ ድልድዩ ተሠራ፣ ሐዲዱ ተነጠፈ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ተዘረጋ። ከዚያ የኃይል አቅርቦቱ ዘገየ። ባቡሩ የንግድ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት ተቆጠሩ፤ ብድሩ ግን ሐዲድ አይጠብቅም፣ ወለዱ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። ጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ በቆየው ጊዜ በከተሞቻችን ከደረሰው ዘረፋና ጉዳት ባቡሩም አልተረፈም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ ሚዛን እንያዝ። በባቡሩ ጉዳይ እገሌ በላ ለማለት ማስረጃ የለንም፤ ያለ ማስረጃ ሰው መክሰስም በጾም ወር ቀርቶ በሌላውም ወር ሐራም ነው። ጦርነትም የጨረታ ሰነድ ውስጥ አይጻፍም። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። በኤሌክትሪክ ለሚሄድ ባቡር የ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ሲፈረም፣ ኤሌክትሪኩን የሚያቀርበውና ሐዲዱን የሚያነጥፈው መሥሪያ ቤት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ቀን መቁረጥ ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም? ዛሬ ሐዲዱን አቋርጦ ፍየሉን የሚነዳ እረኛ ይህን ጥያቄ ቢጠይቀን መልስ የለንም። ብክነት ከሌብነት ያነሰ ኃጢአት ተደርጎ ይታያል። ቁርኣን ግን አባካኞችን የሰይጣን ወንድሞች ብሎ ነው የሚጠራቸው።

ይህን ሁሉ የምናነሳው ያለፈውን ለመቆስቆስ ብቻ አይደለም። አዲስ ገንዘብ፣ አዲስ ቴክኖሎጂ ይዞ እየመጣ ነው። ጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ከዚያ አስቀድሞ ለኤሌክትሪክ መኪኖች ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይስና ሱር ታክስ ተነስቶ ነበር፤ አገር ውስጥ ሊገጣጠም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ለሚመጣው ጉምሩክም ዜሮ ሆኗል። ሐሳቡን አንቃወምም። ነዳጅ በዶላር ነው የሚገዛው፣ ውሃ ግን የራሳችን ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ የሚወርድ የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ጉልበት መልሶ ወደ ባትሪው ይከታል። የናፍጣ ሚኒባሳችን ግን ቁልቁለቱን በፍሬን ሸራ ሽታ ነው የምትወርደው። መልሳ ስትወጣ ደግሞ ጭሷን ከኋላ ላለው ታደላለች። እንግዲህ ይህች መንገድ ለአዲሱ መኪና የተሠራች ያህል ናት።

ነገር ግን ሁለት ነገር ያሳስበናል። አንደኛው ፍትሕ ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ገደማ ገና አምፖል አላበራም። በደቡብ ወሎ ቆላማ ቀበሌዎች ዛሬም ሱሑር በባትሪ የሚበላበት ቤት ብዙ ነው። ቀረጥ የተነሳለት መኪና የሚገዛው የኤሌክትሪክ መስመር ያለው፣ ገንዘብም ያለው ሰው ነው። በተመሳሳይ ጊዜ ክሪፕቶ የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር ለሚያመርቱ ከ20 በላይ ኩባንያዎች ኃይል በዶላር ተሽጧል። በኋላ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል አዲስ ፈቃድ መስጠት ማቆሙን ገልጿል። ዶላሩ ለማስተላለፊያ መስመር ዝርጋታ ይውላል ከተባለ ጥሩ ነው፤ የትኛው መስመር፣ የትኛው ወረዳ ተብሎ ቢነገረን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። የቤት ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ሲወሰን ዝርዝሩ ደርሶናል። ጭማሪው በዝርዝር ሊደርሰን ከቻለ ገቢው በምን እንደዋለም ሊደርሰን ይችላል።

ሁለተኛው ስጋታችን ዋጋ ነው። ጤፍ ስንት እንደሆነ ሰኞ ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቃል፤ ጤፍ ገዝቶ በሁለት እጥፍ ያወራረደ ሹም በማግስቱ ይጋለጣል። የአንድ ትራንስፎርመር ዋጋ ግን ስንት ነው? የአንድ ፈጣን ቻርጀር ማደያ? ለጤና ጣቢያ የሚተከል የፀሐይ ኃይል ባትሪ? ስንቶቻችን እናውቃለን? የሙስና ዋናው መኖሪያ ሕዝቡ ዋጋውን የማያውቀው ዕቃ ነው። ሜቴክን ያን ያህል ዓመት ያቆየው ተርባይን ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ ሰው ገበያ ላይ ስላልነበረ ነው። አሁን ደግሞ ሊቲየም፣ ኢንቨርተር፣ ስማርት ቆጣሪ የሚባሉ ቃላት በየበጀቱ እየገቡ ነው። ስሙ በረቀቀ ቁጥር ደረሰኙን የሚጠይቅ ሰው እያነሰ ይሄዳል።

የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንድ ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ኢብኑል ሉትቢያ የሚባል ሰው ዘካ ሊሰበስብ ተላከ። ሲመለስ ያመጣውን ለሁለት ከፈለው፤ ይኼኛው የናንተ ነው፣ ይኼኛው ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩ ተቆጡ። ሚንበር ላይ ወጥተው፣ ያ ሰው በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ለምን አይቶ አልሞከረም ብለው ጠየቁ። ከዚህ የተሻለ የፀረ ሙስና መመሪያ አላየንም። የኛ አገር ሹም ለዒድ የሚነዳለት በግ፣ ለልጁ ሠርግ የሚላክለት ሰንጋ፣ "ለሻይ" የሚባለው ፖስታ፣ ወንበሩን ባይዝ ይመጣለት ነበር? ራሱን ይጠይቅ፤ ጥያቄው የሕግ ባለሙያ አይፈልግም።

እስካሁን ስለሌላው ሰው ነው ያወራነው። የእኛስ? ከመካከላችን አንዱ አዲስ ለሠራው ቤት ቆጣሪ ጠይቆ ወራት ጠበቀ። በየጊዜው ቆጣሪ የለም ይባላል። ከኋላው ያመለከተ ጎረቤቱ ግን አስገባ። እንዴት ብሎ ሲጠይቅ ስም ተነገረው፣ ስልክ ተሰጠው፣ መጠኑም ተነገረው። ከፈለ። ቆጣሪው በሳምንቱ ገባ። በዚያ ቤት ነው መብራት የጠፋብን ኢፍጣር የበላነው፤ እሱም ይህን ያወራን በዚያው ጨለማ ውስጥ ነው። "ሐቄን ለማግኘት ነው፤ ይህ ጉቦ ይባላል?" ብሎ ጠየቀን።

ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ቀላል አድርገን ልናልፈውም አንፈልግም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጉቦ ሰጪንም ተቀባይንም ረግመዋል። ብዙ ዑለማዎች ግን ሰው ሐቁን በሌላ በምንም መንገድ ማግኘት ካልቻለና የሌላውን ሐቅ ካልነካ ኃጢአቱ በተቀባዩ ላይ ነው ብለዋል። ወንድማችን ይህን ሲሰማ ትንሽ ቀለል አለው። አዛውንቱ ግን፣ በሉት ያሉት፣ አልተዉትም። ከአንተ በፊት ያመለከተው ሰው ቆጣሪ አገኘ? አሉት። ዝም አለ። ለካ የተፈቀደው ጠባብ በር ነበር፤ እኛ ግን የመኪና መግቢያ አድርገነዋል። ተራ በገንዘብ ሲዘለል የሚዘለለው ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜም መበለት ወይም የስልክ ቁጥሩን የሚሰጠው ያጣ ነው።

ከዚህም ይብሳል። ከቆጣሪ ውጪ ሽቦ ቀጥሎ ረመዳንን በነጻ መብራት የሚያሳልፍ ቤት አለ። የኃይል ማስተላለፊያ ማማ ብረት ፈትቶ በኪሎ የሚሸጥ አለ፤ ገዝቶ ለበር መሥሪያ የሚያውለውም ያው የእኛ ጎረቤት ነው። ያ ማማ ሲወድቅ ሆስፒታል ይጨልማል። ከላይ 37 ቢሊዮን፣ ከታች ሁለት ሜትር ብረት። መጠኑ አይገናኝም፣ እኩል ነው ብለንም አንዋሽም፤ ቢሊዮኑን የበላው ሰው ወንጀል በብረት ሌባው አይሸፈንም። ግን ሁለቱም "የመንግሥት ነው" በሚል አንድ ቃል ነው የሚበሉት። የመንግሥት ማለት የማንም ያልሆነ ማለት የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ስለ ዑመር ኢብን ዓብዱልዓዚዝ የሚተረክ አለ። ኸሊፋው ሌሊት ከጠቅላይ ግዛት የመጣ መልእክተኛ አነጋግረው ስለ ሕዝቡ ኑሮ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ሹሞቹ ሲጠይቁ መብራቱ እየበራ ነበር። እንግዳው ጉዳዩን ጨርሶ ስለ ኸሊፋው ጤንነትና ቤተሰብ ሲጠይቃቸው ግን መብራቱን እፍ ብለው አጠፉና የራሳቸውን ደብዛዛ ኩራዝ አስመጡ። የፊተኛው መብራት ዘይት የተገዛው በበይቱልማል፣ ማለትም በሕዝብ ግምጃ ቤት ገንዘብ ነበርና ስለ ራሳቸው ጉዳይ ሊያወሩበት አልፈለጉም። እኛ ይህን ታሪክ ስንሰማ ጻድቅነታቸውን አድንቀን እናልፋለን። የሚያስገርመን ግን ሌላው ነው፦ የትኛው ዘይት የሕዝብ፣ የትኛው የግል እንደሆነ ለይተው ያውቁ ነበር። ሒሳቡ የተለየ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ማታ በመንግሥት መኪና ሠርግ የሚሄድ ሰው ነዳጁ የማን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም፤ እሱም ራሱን አይጠይቅም።

ሕግ አጣን ማለት አንችልም። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከ1993 ዓ.ም ጀምሮ አለ። ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያዝዘው አዋጅ ቁጥር 668 በ2002 ዓ.ም ወጥቷል። ኅዳር 2015 ዓ.ም ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ተቋቁሟል። በ2016 ዓ.ም አዲስ የግዢና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ወጥቷል፤ የኤሌክትሮኒክ ግዢ ሥርዓትም ተጀምሯል። ያም ሆኖ ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በ2024 ባወጣው የሙስና ዕይታ መለኪያ ኢትዮጵያ ከ100 ያገኘችው 37 ነጥብ ነው። ወረቀቱ አለ፤ ወረቀቱን የሚያይ ዓይን ግን ከእኛ ዘንድ አልመጣም። ሀብት ምዝገባው ላይ የተጻፈውን አይተን አናውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ለማየት ጠይቀንም አናውቅም።

ስለዚህ በዚህ ረመዳን የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ከተሞቻችን ያለ አዲስ አበባ ፈቃድ ሊያደርጉት የሚችሉት። ቆጣሪ የጠየቀ ሰው ስሙና የጠየቀበት ቀን በየአገልግሎት መስጫው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማን ማንን እንደዘለለ ራሳችን እናነባለን። ለየቀበሌው የተገዛ ትራንስፎርመር ስንት እንደተገዛ፣ ከማን፣ መቼ እንደሆነ ከዚያው ጎን ይጻፍ። የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ለመትከል ቦታ ሲሰጥ ለማንና በምን ሒሳብ እንደተሰጠ ይነገረን፤ አዲስ ንግድ ስለሆነ አሁን ካልተነገረ በኋላ የሚነገር አይሆንም። ባቡሩን በተመለከተ፣ የሚመለከታቸው ወደ ኮምቦልቻ መጥተው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ብድሩ ስንት እንደቀረው፣ ኃይሉ መቼ እንደሚደርስ፣ ከጦርነቱ የተረፈው ምን እንደሆነ ይንገሩን። ክፉ ዜናም ቢሆን እንሰማለን። ንጉሥ ሚካኤል በሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ውስጥ መኳንንቱም ደሃውም ለግብር ይቀመጡ እንደነበር እንኮራበታለን፤ ለግብር የተቀመጠ ሕዝብ ለሒሳብም መቀመጥ ያውቃል።

ለዚህ አርአያ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ባለፈው ሐሙስ ከተራዊሕ በኋላ በሰፈራችን መስጊድ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ እንደ ልማዱ ተነስቶ የወሩን ሒሳብ አነበበ። መብራት ስላልነበረ የሚያነበው በስልኩ ብርሃን ነው። የተሰበሰበው ሶደቃ ይህን ያህል፣ ለኢፍጣር ማዕድ የወጣው ይህን ያህል፣ ለጄኔሬተር ነዳጅ ይህን ያህል። ከኋላ ሰልፍ አንድ ወጣት እጁን አነሳ። የነዳጁ ሒሳብ ካለፈው ሳምንት በ300 ብር ይበልጣል፣ ለምን? አለ። ማንም አላጉረመረመበትም፣ ገንዘብ ያዡም አልተቀየመም። ከኪሱ ሁለት ደረሰኝ አውጥቶ በሰዎች እጅ እየተቀባበለ ወደ ኋላ አሳለፈለት። ወጣቱ ስልኩን አብርቶ ሁለቱንም አነበበ፣ ቀኑን አስተያየ፣ ጄኔሬተሩ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሌሊት ተጨማሪ መሥራቱን አጠገቡ ያለው ሰው አስታወሰው። ደረሰኞቹን መልሶ ላከ። ከዚያ ጫማችንን ለብሰን ወጣን።